አዳራሹ ተከፈተ፤ ቀጥሎስ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም የመረጥናቸው ደብዳቤዎች ሁሉ ስለ አንድ ጉዳይ የሚጠይቁ ናቸው፦ ወረርሽኝ ካለፈ በኋላ ቴአትር፣ ሙዚቃና ውዝዋዜ ለማኅበረሰቡ ምን ይፈይዳሉ? ተቋርጠው ሲያበቁስ እንዴት ይመለሳሉ? ደብዳቤዎቹን አሳጥረናቸዋል። ዘመኖቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የምክር ቤት በጀት ኮሚቴ ውስጥ አገለግላለሁ። ወረርሽኙ ጤና ጣቢያውንም ትምህርት ቤቱንም አራቁቶ ነው ያለፈው። የቴአትር ሰዎች ደግሞ “ጥበብ የሕዝብ እስትንፋስ ናት” እያሉ ገንዘብ ይጠይቃሉ። እስትንፋሱን እንተወውና ቁርጥ ያለው ጥቅም ምንድን ነው? (የኮሚቴ አባል)

መልስ፦ “የሕዝብ እስትንፋስ” የሚለው አባባል በጀት ሲደለደል ብዙ እንደማያስኬድ እኛም እናምናለን። ስለዚህ በዓይን ከሚታየው እንጀምር።

ጎርፍ ወይም እሳት ሲነሳ ሰው ተጠራርቶ ይሰበሰባል። በወረርሽኝ ጊዜ ግን መሰብሰቡ ራሱ አደጋ ነው። ስለዚህ ወረርሽኝ ጥሎት የሚሄደው ጉዳት ሁለት ዓይነት ነው፦ የሞተ ሰው አለ፤ የሞተበትን ሰው በወጉ ሳይሸኝ፣ ከሌላው ጋር ሳያለቅስ የቀረም አለ። ለመጀመሪያው ሆስፒታል አለ። ሁለተኛው ግን ባለቤት የለውም። ክዋኔ ጥበባት እዚህ ላይ የሚጠቅሙት ረቂቅ በሆነ ምክንያት አይደለም፤ የሥራቸው ጠባይ ስለሆነ ነው። መጽሐፍ ለብቻ ይነበባል፤ ፊልምም ለብቻ ይታያል። ተውኔት ግን ብዙ ሰው በአንድ ሰዓትና በአንድ ጣሪያ ሥር ሆኖ ወደ አንድ አቅጣጫ ካላየ አይኖርም። ወረርሽኙ የነጠቀውም በትክክል ይህንኑ ነው።

ክርክሩ አዲስ አይደለም። ለንደን በቸነፈር ምክንያት ከ1592 እስከ 1594 ቴአትር ቤቶቿን አብዛኛውን ጊዜ ዘግታ ቆይታለች፤ በ1603ም ደግማዋለች። በ1918ቱ የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ ብዙ የአሜሪካ ከተሞች ቴአትር ቤቶችን ሲዘጉ የኒውዮርክ የጤና ኃላፊ የነበሩት ሮያል ኮፕላንድ ግን ንጽሕናና የአየር ዝውውር ያላቸው ክፍት እንዲሆኑ ፈቀዱ። ሕዝቡ በአንድ ጊዜ መጓጓዣ ላይ እንዳይጨናነቅም የመግቢያ ሰዓታቸውን አፈራረቁት። በ2020 መጋቢት 12 የተዘጋው ብሮድዌይ (የኒውዮርክ የቴአትር ሰፈር) ትልልቆቹን ትርኢቶች የመለሰው በ2021 መስከረም ነው፤ ዓመት ተኩል መሆኑ ነው።

ከሁሉም የሚያስተምረው ግን በጀርመን የባቫሪያዋ መንደር የኦበርአመርጋው ታሪክ ነው። ነዋሪዎቿ በ1633 ቸነፈር ሲያልቁ፣ ከተረፍን የክርስቶስን ሕማም በተውኔት እያሳየን እንኖራለን ብለው ተሳሉ። በ1634 ጀመሩት፤ በየአሥር ዓመቱም ቀጠለ። የ2020ው ተራ በኮቪድ ምክንያት ወደ 2022 ተገፋ። በተውኔቱ ለመሳተፍ እዚያው መወለድ ወይም 20 ዓመት መኖር ያስፈልጋል። ተውኔቱ የሚቆየው ተመልካች ስላለው ብቻ አይደለም፤ ማኅበረሰቡ “የኔ” የሚለው ስለሆነ ነው። በጀት ሲመድቡ ሊፈልጉት የሚገባው ምልክትም ይኸው ነው።

ማስረጃ ለሚሹ፣ የዓለም ጤና ድርጅት የአውሮፓ ጽሕፈት ቤት በ2019 ያወጣው ግምገማ ከ3,000 በላይ ጥናቶችን ዳስሶ ጥበባት በሽታን በመከላከል፣ ጤናን በማጎልበትና ሕክምናን በመደገፍ ድርሻ እንዳላቸው አሳይቷል። “በመደገፍ” የሚለውን ልብ ይበሉ። ቴአትር ድብርትን ያድናል፣ የሕክምና ወጪን በዚህን ያህል ይቀንሳል ብሎ ቁጥር ይዞ የሚመጣ አመልካች ቢገጥምዎ ቁጥሩን ከየት እንዳመጣው ይጠይቁት።

ገንዘቡ የት ቢውል ይሻላል? ዩኔስኮ እንዳለው በ2020 ብቻ በባህልና ፈጠራ ዘርፍ 10 ሚሊዮን ያህል ሰው ሥራውን አጥቷል። ብሪታንያ በዚያው ዓመት 1.57 ቢሊዮን ፓውንድ የመታደጊያ ገንዘብ ስትመድብ የቀረበባት ዋና ቅሬታ ገንዘቡ ለተቋማት ሲደርስ በየሥራው የሚቀጠሩት ባለሙያዎች መሐል ላይ ወድቀው መቅረታቸው ነበር። ሕንፃ ይጠብቃል፤ ባለሙያ ግን አይጠብቅም። የመብራት ባለሙያ አንዴ ሌላ ሥራ ከያዘ ለመመለሱ ዋስትና የለም፤ ተተኪውን ማሠልጠን ደግሞ ዓመታት ይወስዳል። ስለዚህ ገንዘቡ ትንሽ ከሆነ ለእድሳት ከማዋል ለልምምድ ደመወዝ ቢሰጡት እንመርጣለን። በሦስት ክፍያ ይስጡት፦ 40 በመቶ ውሉ ሲፈረም፣ 40 በመቶ ልምምዱ ሲጋመስ፣ 20 በመቶ ሪፖርት ሲቀርብ። ሪፖርቱም ስንት ትኬት እንደተሸጠ ብቻ አይናገር። ከመጡት መካከል ስንቱ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደመጣ፣ ከየትኛው ሰፈር እንደመጣና ተመልሶ መምጣት አለመምጣቱን ያካትት። ለዚህ በር ላይ የሚሞላ የሦስት ጥያቄ ወረቀት ይበቃል።

ጥያቄ፦ 40 አባላት ያሉት ኳየር እመራለሁ። የልምምድ ክፍላችን 10 ሜትር በ12 ሜትር፣ ቁመቱም 4 ሜትር ነው። ግማሹ አባል “ያለፈ ነገር ነው” ይላል፤ ግማሹ አሁንም ይፈራል። ማንን ልስማ? (የኳየር መሪ)

መልስ፦ ሁለቱንም። የዓለም ጤና ድርጅት የኮቪድን ዓለም አቀፍ የድንገተኛ ጊዜ አዋጅ በ2023 ግንቦት 5 አንስቷል፤ ስለዚህ ዝምታ መፍትሔ አይሆንም። የሚፈሩትም ያለ ምክንያት አልፈሩም። በ2020 መጋቢት 10 በዋሽንግተን ግዛት፣ ስካጂት በተባለ አካባቢ 61 የኳየር አባላት ለሁለት ሰዓት ተኩል ተለማመዱ። አንዱ የበሽታው ምልክት ነበረበት። ከዚያ በኋላ 53ቱ መያዛቸው ተረጋገጠ ወይም ተገመተ፤ ከእነሱም ሁለት ሰዎች ሞቱ። ረጅም ሰዓት፣ ዝግ ክፍል፣ ከፍ ያለ ድምፅ፦ ሦስቱ ሲገናኙ የሚሆነው ይህ ነው።

መፍትሔው ያለው አየሩ ላይ ነው። የክፍላችሁ ይዘት 480 ሜትር ኩብ ነው። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል እንደሚመክረው አየሩ በሰዓት 5 ጊዜ እንዲታደስ ከተፈለገ በሰዓት 2,400 ሜትር ኩብ ንጹሕ አየር ያስፈልጋል። በሰዓት 600 ሜትር ኩብ የሚያጣራ ባለ ሄፓ (ረቂቅ ቅንጣትን የሚይዝ) ማጣሪያ ሁለት ቢኖራችሁ ግማሹን ይሸፍናል፤ የቀረውን ትይዩ የሆኑ መስኮቶችን ከፍቶ ከውጭ ማስገባት ነው። በአንድ ጎን ብቻ ያለ መስኮት ያን ያህል አየር አያስገባም። ሲገዙ ብዙዎች የሚሳሳቱት፣ በካርቶኑ ላይ የተጻፈው 600 መሣሪያው በከፍተኛ ፍጥነት ሲሠራ የሚሰጠው መሆኑን ስለማያስተውሉ ነው። በዚያ ፍጥነት ጩኸቱ ለልምምድ አያስቀምጥም፤ ወደ መካከለኛ ሲወርድ ደግሞ የሚያጣራው በእጅጉ ይቀንሳል። ስለዚህ ከሚያስፈልጋችሁ ከፍ ያለውን ገዝታችሁ በመካከለኛ አሠሩት። ከመጋረጃ ኋላ ወይም ጥግ ላይ ከተወሸቀም የራሱን አየር መልሶ ከማጣራት በቀር ጥቅም የለውም።

የካርቦን ዳይኦክሳይድ መለኪያ ያስፈልጋችኋል። ውጭ ሲወሰድ 420 ፒፒኤም (ከሚሊዮን የአየር ክፍል 420) አካባቢ ካላሳየ አልተስተካከለም። በልምምድ ጊዜ እስከ 800 ድረስ ይሁን፤ ካለፈ መስኮት ይከፈት፤ 1,000 ከደረሰ ሁሉም ለ10 ደቂቃ ይውጣ። ሁለት ማስጠንቀቂያ አለን። አንደኛ፣ መለኪያው ማጣሪያው የሠራውን አያይም፤ ማጣሪያ ቅንጣትን እንጂ ጋዝን አይቀንስምና። ሁለተኛ፣ በርካሽ ከሚሸጡት ብዙዎቹ ጋዙን ራሱን አይለኩም፤ ከሌላ ሽታ ተነሥተው ይገምታሉ። አንድ ሰው እጁን በአልኮል ሲያሽ ቁጥሩ ከዘለለ የያዛችሁት ከነዚያ አንዱ ነው።

ድምፅን በተመለከተ አንድ የሚያጽናና ነገር አለ። በ2020 ብሪታንያ ውስጥ በዘፋኞች ላይ የተደረገ ልኬት እንዳሳየው በተመሳሳይ የድምፅ ከፍታ መዝፈንና መናገር የሚያወጡት ቅንጣት ብዙም አይራራቅም። ልዩነቱን የሚያመጣው ጩኸት ነው፤ ከዝቅተኛ ወደ ከፍተኛ ሲኬድ መጠኑ ከ20 እስከ 30 እጥፍ ይጨምራል። ስለዚህ አዲስ ዜማ ሲጠና በለሆሳስ ይጠና፤ ሙሉ ድምፅ ለመጨረሻው 15 ደቂቃ ይቆይ። ለዜማውም ይበጃል፤ ስሕተት በለሆሳስ ጊዜ በደንብ ይሰማል። የሚያስል ሰው እንዲቀር ደግሞ መቅረቱ ቦታውን እንደማያሳጣው በጽሑፍ ይነገረው። አለዚያ ይመጣል።

ጥያቄ፦ ተወዛዋዥም ዘፋኝም ነኝ። በሕመምና በሥራ ማጣት ከመድረክ ርቄ ቆይቻለሁ። ዐቅሜ ወዴት እንደሄደ አላውቅም፤ ወርኃዊ ትርኢት ግን ቀርቦልኛል። (ተስፋ የቆረጠች)

መልስ፦ መጀመሪያ አንድ ነገር ይለዩ፦ የተዳከሙት በዕረፍት ነው ወይስ ሕመሙ ገና አልለቀቀዎትም? ቀለል ያለ ልምምድ ባደረጉ ከ12 እስከ 48 ሰዓት ውስጥ ከድካም ያለፈ መዝለፍለፍ፣ የሐሳብ መበተን ወይም የልብ ምት መፍጠን የሚመጣ ከሆነ ይህ በልምምድ ብዛት የሚሸነፍ ስንፍና አይደለም፤ እየገፉበት ከሄዱ ይብሳል። ያኔ ከሐኪም ጋር ሳይመክሩ ውል አይፈርሙ።

እንዲህ ያለ ምልክት ከሌለ ከድምፅ ይጀምሩ። የመጠጫ ስትሮ ከ2 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ውሃ ውስጥ አስገብተው ውሃው እንዲንተከተክ በምቹ ቃና ድምፅ ያሰሙበት፤ አምስት ደቂቃ፣ በቀን ሦስት ጊዜ። ውሃው ወደ ኋላ የሚገፋው ግፊት የድምፅ አውታሮች በኃይል እንዳይጋጩ ያደርጋል። በመጀመሪያው ሳምንት መዝፈን ከ10 ደቂቃ አይብለጥ፤ በየሳምንቱ አምስት አምስት ደቂቃ ይጨምሩ። የድምፅ መጎርነን ከሦስት ሳምንት በላይ ከዘለቀ የአንገት በላይ ሐኪም ይየው።

ለውዝዋዜው የሚያታልለው ጡንቻ ነው። ጡንቻ በጥቂት ሳምንታት ይመለሳል፤ ጅማት ግን ወራት ይፈልጋል። “ደህና ሆኛለሁ” በሚባልበት በአምስተኛው ወይም በስድስተኛው ሳምንት ከተረከዝ በላይ ያለው ጅማት የሚጎዳው ለዚህ ነው። ዝላይን መጨረሻ ላይ ይመልሱት። በሁለት እግር በሚያርፉበት 30 ዝላይ፣ በሳምንት ሦስት ቀን ጀምረው በየሳምንቱ ከ10 በመቶ ብዙም ሳያሳልፉ ይጨምሩ፤ በአንድ እግር መዝለል ከአራተኛው ሳምንት በፊት አይሁን። ወለሉ ሲሚንቶ ወይም በሲሚንቶ ላይ የተለጠፈ ፕላስቲክ ከሆነ ቁጥሩን በግማሽ ይቀንሱ። ወርኃዊውን ትርኢት ይቀበሉ፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ግን ዝላይ በሌለው ክፍል።

መዝፈን ራሱ ሊረዳ እንደሚችል ደግሞ ማወቁ አይከፋም። የእንግሊዝ ብሔራዊ ኦፔራ ከለንደን ሐኪሞች ጋር ኮቪድ ለቆየባቸው ሰዎች ያዘጋጀው የስድስት ሳምንት የትንፋሽና የዜማ ትምህርት በ150 ሰዎች ላይ ተፈትኖ ውጤቱ በ2022 ታትሟል። የተማሩበት ዜማ እሹሩሩ ነበር። የአእምሮ ደኅንነታቸው ተሻሽሏል፤ ከትንፋሽ ማጠር መለኪያዎችም አንዳንዱ ቀንሷል። የአካል ጤንነት ነጥባቸው ግን አልተለወጠም። ስለዚህ ዜማውን ይያዙ፣ ሐኪሙንም አይተዉ።

ጥያቄ፦ ለረጅም ጊዜ ተዘግቶ የቆየ ባለ 300 ወንበር አዳራሽ ቁልፍ ተረክበናል። አቧራውን ጠርገን ብንከፍት ምን ይለናል? (ሦስት ጓደኛሞች)

መልስ፦ አቧራው ቀላሉ ነው። ከውሃው ጀምሩ። ቧንቧ ውስጥ የቆመ፣ ሙቀቱ ከ20 እስከ 45 ዲግሪ የሆነ ውሃ ሌጅዮኔላ የተባለውን ባክቴሪያ ያራባል፤ የሚይዘውም ሲጠጣ ሳይሆን ብናኙ ሲተነፈስ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱን ቧንቧና የተዋንያን ክፍል ሻወር መስኮት ከፍታችሁ ቀስ ብላችሁ ልቀቁት። የሻወሩን ራስ ፈታችሁ አውጡ ወይም በላስቲክ ሸፍኑ፤ እንዳይረጭ። የውሃ ማሞቂያው 60 ዲግሪ ደርሶ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይቆይ፤ ከዚያ በየቧንቧው ጫፍ 50 ዲግሪ መድረሱን በቴርሞሜትር ለኩ። አንድ ጥግ ላይ ለብ ብሎ የሚቀር ካለ መነሻው እዚያ ነውና ቧንቧ ሠራተኛ ይየው።

ቀጥሎ ከራስ በላይ የተሰቀለው ሁሉ። ገመድ፣ ሰንሰለት፣ ሞተር፣ የመብራት መስቀያ ቧንቧ፦ ይህን ብቃት ያለው ባለሙያ በክብደት ሳይፈትነው ማንም ከሥሩ አይቁም። እያንዳንዱ መብራት ከመቆንጠጫው ሌላ የራሱ መጠባበቂያ ሽቦ ይኑረው። የአደጋ ጊዜ መውጫ መብራቶችን ኃይል ቆርጣችሁ በባትሪያቸው ይቆዩ እንደሆነ እዩ፤ ሳይሞሉ የቆዩ ባትሪዎች ሲበሩ ደህና መስለው በአሥር ደቂቃ ይጠፋሉ።

የመድረክ መብራቶችን በቫኪዩም ሳታጸዱ በሙሉ ኃይል አታብሩ። የተቃጠለ አቧራ ይሸታል፤ የጭስ ማስጠንቀቂያውንም በመጀመሪያው ምሽት ያስጮኻል። መጀመሪያ በ30 በመቶ ግማሽ ሰዓት ይሙቁ። ፒያኖ ካለ በአንድ ቀን አይቃኝም፦ የገመዶቹ ጠቅላላ ውጥረት እስከ 20 ቶን ስለሚደርስ አንዴ ወደ ላይ ከተሳበ በኋላ ተመልሶ ይንሸራተታል። አንድ ሻካራ ቅኝት፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ደግሞ ትክክለኛው፤ በመሐሉ የክፍሉ እርጥበት ከ40 እስከ 60 በመቶ ይጠበቅ። አልባሳቱን ሳታዩ ለተዋናይ አታልብሱ። ሻጋታ ያለበት ከሌላው ይለይ።

ጥያቄ፦ በወረርሽኙ ጊዜ ሰው የሞተባቸውን፣ ሲያስታምሙ የነበሩትን አነጋግረን ከቃላቸው ተውኔት ልንሠራ አስበናል። የሰውን ቁስል እንዳንነካካ እንሰጋለን። (የማኅበረሰብ ቴአትር ቡድን)

መልስ፦ ስጋታችሁ ትክክል ነው፤ ሥራው ግን በዚህ ደብዳቤ ዝርዝር ውስጥ ካሉት ሁሉ የሚበልጥ ነው ብለን እናስባለን። ሳይታለቀስ የቀረውን የሚነካው ይህ ነውና።

ፈቃድ ሁለት ጊዜ ይወሰድ። አንዱ ከመቅዳት በፊት፦ ድምፁ የት እንደሚቀመጥ፣ ማን እንደሚሰማው፣ መቼ እንደሚጠፋ። ሁለተኛው የተውኔቱ ጽሑፍ ካለቀ በኋላ ሰውየው የራሱን ቃል አንብቦ ወይም ተነቦለት። ብዙ ቡድን ሁለተኛውን ይዘለዋል፤ ጠብ የሚነሳውም ከዚያ ነው። ሰው በሐዘን መሐል የተናገረውን ከስድስት ወር በኋላ መድረክ ላይ ሲሰማው ሌላ ነገር ሆኖ ያገኘዋል። እስከ መጀመሪያው ትርኢት ዋዜማ ድረስ ያለ ምክንያት መተው እንደሚችል ይነገረው፤ ለዚህም ማንም ሲወጣ የማይፈርስ ድርሰት ያስፈልጋል። በአንድ ሰው ታሪክ ላይ የቆመ ተውኔት አትጻፉ።

ሲያነጋግሩ 45 ደቂቃ ይበቃል፤ ሁለት ሰው ይሂድ፦ አንዱ ይጠይቅ፣ አንዱ መቅጃውን ይያዝ። “እንዴት ሞቱ?” ብላችሁ አትጀምሩ። “ያኔ ቀንዎ እንዴት ይጀምር ነበር?” በሉ። ሞቱ ራሱ ይመጣል፤ ካልመጣም ይቅር። ለመድረክ የሚጠቅመው ብዙ ጊዜ ትንሹ ነገር ነው፦ በመስኮት ማዶ የተደረገ ሰላምታ፣ ሳይነሣ የቀረ ስልክ፣ የሟች ጫማ የት እንደተቀመጠ። ጠያቂው በዚያው ቀን ሁለተኛ ቃለ ምልልስ አያድርግ።

ስሌቱንም ከወዲሁ እወቁ። የአንድ ሰዓት ንግግር ሲገለበጥ 8,000 ቃል ገደማ ይሆናል። የአንድ ሰዓት ተውኔትም ያን ያህል ነው። 20 ሰዓት ከቀዳችሁ ከሃያ አንዱን ብቻ ነው የምትይዙት። አንድ ሰዓት ለመገልበጥ ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ይወስዳል። ለዚህ ጊዜ ያልመደበ ቡድን መጨረሻ ላይ የሚያስታውሰውን ብቻ ይጽፋል፤ የሚያስታውሰው ደግሞ ከሁሉም የጮኸውን ነው። ከተናጋሪው መንተባተብ ጥቂቱን ተዉለት። ሁሉንም አስተካክላችሁ ከጻፋችሁት የጸሐፊው ቋንቋ ይሆናል።

መድረክ ላይ የሚጎዳው ብዙ ጊዜ ቃል ሳይሆን ድምፅ ነው። የታማሚ መከታተያ ማሽን ጢት ጢት፣ የአምቡላንስ ጩኸት፣ ለመተንፈስ የሚደረግ ትግል፦ እነዚህን በድምፅ ማጉያ አታሰሙ። አስታማሚ የነበረ ተመልካች ቃሉን መከተል ይችላል፤ ማሽኑን ከሰማ ግን እዚያው ክፍል ውስጥ ተመልሶ ይገባል። ስም ይለወጥ፤ ስም ብቻ ሳይሆን የሚያሳብቅ ሥራና ሰፈርም።

የተመልካች ክፍል መብራት ሙሉ በሙሉ አይጥፋ፤ 10 በመቶ ያህል ይቆይ፣ መውጣት የፈለገ ሰው ሳይደናበር እንዲወጣ። ከመግቢያው አጠገብ አንድ ጸጥ ያለ ክፍልና አንድ ማዳመጥ የሚችል ሰው ይኑር። ርዝመቱ ከ75 ደቂቃ አይለፍ፤ ዕረፍት አያስፈልግም። የመጀመሪያውን ትርኢት ቃላቸውን ለሰጡት ሰዎችና ለቤተሰባቸው ብቻ አሳዩ፤ በሁለተኛው ቀን ሳይሆን ከሦስት አራት ቀን በኋላ ለሕዝብ ክፈቱ፤ የሚስተካከል ነገር መኖሩ አይቀርምና። ሲያልቅም ወዲያው የጥያቄና መልስ መድረክ አታዘጋጁ። ሰው ሃያ ደቂቃ ቆሞ እርስ በርሱ ያውራ። እኛ ከተውኔቱ ይልቅ ያችን ሃያ ደቂቃ እንሻለን።

ተዋንያኑንም አትርሱ። የሰው ሐዘን ተሸክሞ ወደ ቤት መሄድ ልማድ ከሆነ ቡድኑ በሦስት ሳምንት ይበተናል። ከእያንዳንዱ ትርኢት በኋላ አሥር ደቂቃ ልብስ ቀይሮ፣ ክብ ሠርቶ፣ የራስን ስም ጠርቶ መለያየት የልጅ ጨዋታ ይመስላል፤ ይሠራል።

ጥያቄ፦ ተማሪዎቼ በዝግ ዓመታት ያደጉ ናቸው። ዓይን ለዓይን ማየት ይፈራሉ። ድራማ ይጠቅማቸው ይሆን? (መምህርት)

መልስ፦ ይጠቅማል፤ ግን ከድርሰት አይጀምሩ። በአንድ ቡድን ከ12 እስከ 16 ልጆች፣ በሳምንት ሁለት ጊዜ 40 ደቂቃ። የመጀመሪያው ወር ያለ ንግግር ይሁን፦ ሁለት ሁለት ሆነው አንዱ ሲንቀሳቀስ ሌላው እንደ መስተዋት ይከተለው፤ በአንድ ላይ መራመድና ያለ ምልክት በአንድ ላይ መቆም። ዓይን ማየት እንደ ትእዛዝ ሲመጣ ይሸሻሉ፤ የጨዋታው ሕግ ሲሆን ሳያስቡት ያያሉ። ስለ ወረርሽኙ ተናገሩ ብለው አያስገድዷቸው። ካነሡት ራሳቸው ያነሡታል።

ጥያቄ፦ ባንዳችን በየቤቱ ሆኖ በቪዲዮ ጥሪ ለመለማመድ ያልሞከረው የለም። ሁልጊዜ ይዘገያል፣ ይጎተታል። የኢንተርኔት ፍጥነት ብንጨምር ይስተካከላል? (ከበሮ መቺ)

መልስ፦ አይስተካከልም። ችግሩ የመስመሩ ስፋት ሳይሆን መዘግየቱ ነው። ድምፅ በአየር ውስጥ አንድ ሜትር ለመሄድ 3 ሚሊ ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። ሙዚቀኞች እስከ 30 ሚሊ ሰከንድ ድረስ ያለውን መዘግየት ይችሉታል፤ ይህም አሥር ሜትር ያህል ተራርቆ እንደመጫወት ነው። ተራ የቪዲዮ ጥሪ ብዙ ጊዜ ከ100 ያልፋል፤ ከ30 ሜትር በላይ መራራቅ ማለት ነው። እያንዳንዱ ሌላውን ለመጠበቅ ትንሽ ይዘገያል፣ ያኛውም እሱን ለመጠበቅ ይዘገያል፣ ምቱም እየተጎተተ ይሄዳል። በዚህ ላይ የቪዲዮ ጥሪው ለንግግር ተብሎ የተሠራ ስለሆነ የከበሮን ድምፅ እንደ ሁካታ ቆጥሮ ያፍነዋል።

በርቀት መሥራት ግድ ከሆነ አብሮ መጫወትን ተዉትና ተራ በተራ ቅዱ። አንተ በጆሮ ማዳመጫ ክሊክ (ምት የሚጠብቅ ድምፅ) እየሰማህ ከበሮውን ትቀዳለህ፣ ባሱ ያንን ሰምቶ ይቀዳል፣ ቀጥሎ ሌላው። ሁላችሁም በመቅጃው ላይ ሳምፕል ሬት የሚባለውን (ድምፁ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚለካ) 48 ኪሎ ኸርዝ አድርጋችሁ ቅዱ፤ አንዱ በ44.1 ቀድቶ በ48 ከተከፈተ ይፈጥናል፣ ቃናውም ከፍ ይላል። መጀመሪያ ላይ አንድ ጭብጨባ ቅዱ፤ ሲደረድሩት የሚገጥሙት በእሱ ነው። የጆሮ ማዳመጫው ባለ ሽቦ ይሁን፤ ብሉቱዝ ራሱ ከመቶ በላይ ሚሊ ሰከንድ ሊጨምር ይችላል።

አዳራሽ ከተገኘ ግን ተሰብሰቡና ተለማመዱ። በመጀመሪያው ቀን ከበሮና ባስ ከሦስት ሜትር በላይ አትራራቁ፤ ስልቱ ከተመለሰ በኋላ ሌላው ይጨመር።